ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጠፋው ማርሽ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ ከጎንደሯ አዘዞ ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ላይ የሚሠራ አንድ ሎደር ማርሽ አልይዝ ብሏል ተብዬ ተጠርቼ ሄድሁ። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ የካባውን መንገድ አረንቋ አድርጎት ስለነበር የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር መሣሪያዬን ተሸክሜ በእግሬ ነው የደረስሁት። የማሽኑ ኦፕሬተር በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ፣ በዶዘርና በሎደር ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ከጋቢናው ወርደው ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ የነገሩኝ ነገር አጭር ነበር፤ «ልጄ፣ ሁልጊዜ አይደለም የሚያስቸግረኝ፤ ባኬቱን ሞልቼ ወደ ግራ ሳጥፈው ነው የሚለቀኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ፣ አሁን ኮምፒውተሩ ይነግረናል» ብዬ ላፕቶፔን ሰካሁ። መልሱን ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን ጨዋታ መስሎኝ አለፍሁት።

ላፕቶፑ ያወጣው የብልሽት ኮድ የወደፊት ማርሹን የሚያስገባው ሶሌኖይድ፣ ማለትም ከረንት ሲያገኝ ቫልቭ የሚከፍተው መግነጢስ፣ መስመሩ ከረንቱ እንዳነሰ ወይም እንደተቋረጠ የሚናገር ነበር። የሶሌኖይዱን ጥቅል ሽቦ በቴስተር ለካሁት፤ ኦሙ፣ ማለትም ከረንትን የመቋቋም መጠኑ፣ ልክ ነው። ከኮምፒውተሩ እስከ ሶሌኖይዱ የሚወርደውን ሽቦ ከሁለቱም ጫፍ ነቅዬ ለካሁት፤ ቴስተሩ ጮኸ፤ እርሱም ልክ ነው። ሶሌኖይዱም ሽቦውም ደህና ከሆኑ የቀረው የካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ኮምፒውተር ነው ብዬ ፈረድሁ። ፍርዱን ለባለቤቱ ስነግረው ድምፄ ላይ ጥርጣሬ አልነበረም፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተፈልጎ እስኪመጣ ድረስ በሰዓት የሚከራይ ማሽን ከአንድ ወር በላይ ቆመ። አዲሱ ኮምፒውተር ተገጥሞ ሁለት ቀን ያለ እንከን ሠራ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሎደሩ ባኬቱን ሞልቶ ወደ ግራ ሲታጠፍ ማርሹ ለቀቀ።

ስህተቱ የት ላይ እንደነበረ ለማስረዳት በእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። በድሮው የጭነት መኪና ሾፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ፣ ዘንጉን ገፍቶ ማርሹን በእጁ ያስገባል። በሎደር ካምቢዮ ውስጥ ግን ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተያያዙ ይኖራሉ፤ የሚያዙትና የሚለቁት በውስጥ የተደረደሩት የፍሪሲዮን ዲስኮች ናቸው። ኦፕሬተሩ ከመሪው ሥር ያለችውን ትንሽ ማንሻ ወደፊት ሲገፋት የሚንቀሳቀስ ብረት የለም፤ ማንሻዋ ለኮምፒውተሩ ምልክት ትሰጣለች። ኮምፒውተሩም የሞተሩን ዙር፣ የካምቢዮውን መውጫ ፍጥነትና የእጅ ፍሬኑን ሁኔታ አይቶ፣ ሁሉም ከተስማማለት፣ ለሚመለከታቸው ሶሌኖይዶች ከረንት ይለቃል። ሶሌኖይዱ መግነጢስ ሆኖ ትንሽ ቫልቭ ይከፍታል፤ በቫልቩ የሚያልፈው ዘይት ዲስኮቹን ይጨምቃቸዋል፤ ማሽኑም ይነሣል። ብዙ ቶን የሚመዝን ብረት፣ ሙሉ ባኬት ድንጋይ ተሸክሞ ወደፊት የሚሄደው ከአንድ አምፔር ብዙም በማይርቅ ከረንት ፈቃድ ነው ማለት ነው። ከዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ቢላላ ኦፕሬተሩ የሚያየው ያው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ አልሄድ ይላል።

እግረ መንገዴን የቃላቱን ነገር ላንሣ። በጋራዣችን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮ እንላለን፤ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። ጎንደር የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻውን ምሽግ ይዞ ቆይቶ ኅዳር 1934 ዓ.ም እጁን የሰጠባት ከተማ ናት፤ የፒያሳ ሕንፃዎችና የጋራዥ ቃላት ግን ቀርተዋል። ወደ ሽቦውና ወደ ኮምፒውተሩ ስንመጣ ደግሞ ቋንቋው ባንድ ጊዜ ይለወጥና ሶሌኖይድ፣ ሴንሰር፣ ኮድ ማለት እንጀምራለን። ከእኔ በፊት የነበሩት መካኒኮች በጆሮና በእጅ የሚያውቁት ዓለም የሚያበቃው ቃሉ በሚለወጥበት ድንበር ላይ ይመስለኛል፤ የእኔ ትውልድ ደግሞ ከድንበሩ ወዲህ ብቻ ቆሞ፣ ላፕቶፕ ይዞ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ዘይትና ብረት ይረሳል።

ስለዚህ አሁን ማንኛውንም የካምቢዮ ችግር ስጀምር የምጠይቀው፣ ነገሩ የዘይት ነው ወይስ የኤሌክትሪክ የሚለውን ነው። የግፊት መለኪያውን ካምቢዮው ላይ ባለው መሞከሪያ ቀዳዳ አስገጥሜ፣ ማርሹ ሲታዘዝ ግፊቱ የማሽኑ መጽሐፍ የሚለው ላይ መድረሱን አያለሁ። ሶሌኖይዱ በትክክል ከረንት እያገኘ ግፊቱ ካልመጣ፣ ነገሩ የፓምፕ፣ የቫልቭ ወይም የዲስክ ማኅተም ጉዳይ ስለሆነ ሽቦ መፍተሉን ትቼ ለካምቢዮ ባለሙያው እለቅቃለሁ። ሁለት ሶሌኖይዶች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ደግሞ ቦቢናቸውን፣ ማለትም ጥቅል ሽቦአቸውን፣ አለዋውጣለሁ፤ ችግሩ ከቦቢናው ጋር አብሮ ከሄደ ቦቢናው ነው፣ ከቦታው ካልተነቃነቀ ግን መስመሩን ወይም ቫልቩን መጠርጠር ነው። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ሙከራ ነው፤ በዚያ ነሐሴም ላደርገው እችል ነበር።

ኮዱን በተመለከተ ብዙ ወጣት ባልደረቦቼ እኔ የሠራሁትን ስህተት ሲደግሙ አያለሁ። በአብዛኞቹ ዘመናዊ ማሽኖች ላይ ኮዱ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው የትኛው መስመር እንደታመመ፣ ሁለተኛው ሕመሙ ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል። በሁለተኛው ቁጥር 3 ሲሆን ቮልቴጁ ከልክ በላይ መሆኑን፣ 4 ከልክ በታች መሆኑን፣ 5 ከረንቱ ማነሱን ወይም መስመሩ መቋረጡን፣ 6 ደግሞ ከረንቱ መብዛቱን ወይም ሽቦው ከሻሲው ጋር መነካካቱን ያመለክታል። ለእኔ የወጣልኝ 5 ነበር። ቁጥሩ ያለው ይህ መስመር የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል ነው፤ ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል አላለም፤ ሶሌኖይዱ ሞቷል አላለም። በመስመሩ ውስጥ ሽቦ አለ፣ ሁለት ሦስት ሶኬት አለ፣ ኔጋቲቭ አለ፣ ቦቢና አለ፣ የኮምፒውተሩ መውጫም አለ። እኔ ከእነዚህ ሁሉ መካከል ውዱን መረጥሁ።

ቴስተሩ ለምን ዋሸኝ ለሚለው መልሱ፣ አለመዋሸቱ ነው፤ የተጠየቀውን መለሰ። ኦም የሚለካ ቴስተር በሽቦው ውስጥ የሚልከው ከረንት እጅግ ጥቂት ነው። ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ሽቦ ሁሉም ተበጥሰው አንዲት ክር ብቻ ብትቀር እንኳ፣ ያቺ ክር የቴስተሩን ከረንት ያለ ችግር ታሳልፋለች፤ ቴስተሩም ዜሮ አካባቢ አሳይቶ ይጮኻል። ሶሌኖይዱ የሚፈልገውን ከረንት ግን፣ ያውም ማሽኑ እየተንቀጠቀጠና ሽቦው እየተሳበ፣ ልትችለው አትችልም። ከዚያ በኋላ ሽቦን የምፈትነው በአምፖል ነው። የ24 ቮልት፣ 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል በማንኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል፤ የሚወስደው ከረንት ወደ 0.9 አምፔር ስለሚጠጋ ለሶሌኖይድ ሽቦ ጥሩ ፈታኝ ነው። ሽቦውን ከኮምፒውተሩም ከሶሌኖይዱም ነቅዬ፣ በአንድ ጫፍ ከባትሪው በፊውዝ በኩል እሰጠዋለሁ፤ በሌላው ጫፍ አምፖሉን አስሬ ወደ ኔጋቲቭ አወርዳለሁ። ሽቦው ደህና ከሆነ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ከታመመ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ከኮምፒውተሩ መነቀሉ ግድ ነው፤ ሳይነቀል ከባትሪ ቢሰጠው የኮምፒውተሩን መውጫ ሊያቃጥል ይችላል።

በዚያ ሎደር ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስ ላፕቶፑን ከቦርሳው አላወጣሁትም። ኦፕሬተሩን «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የነገሩኝን ከመጀመሪያው ይድገሙልኝ» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ ቅር ቢላቸውም፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ እንደማይለቅ፣ ከምሳ በኋላ እንደሚብስ፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ አንድም ቀን ለቆ እንደማያውቅ። አምፖሉን ከላይ በተናገርሁት መንገድ አሰርሁት፤ ሽቦውን ግን አስረዝሜ አምፖሉን ከማሽኑ ራቅ ብሎ ቆሜ በማየው ቦታ አንጠለጠልሁት። ሎደር ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ሻሲዎቹ እንደ መቀስ ስለሚገናኙ፣ ሞተር ተነሥቶ ሳለ በመካከላቸው የሚቆም ሰው ሞቱን ይዞ ቆሟል፤ እጄን በመታጠፊያው አካባቢ የማስገባው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጎማው ተደግፎ፣ የመታጠፊያው መቆለፊያ ብረት ገብቶ ብቻ ነው። ኦፕሬተሩ ማርሹን ገለልተኛ ላይ አድርገው ሞተሩን አስነሡና መሪውን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ አዞሩት፤ አምፖሉ እንደበራ ነው። ወደ ግራ አዞሩት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ብርሃኑ ቀላ፣ ጫፍ ሲደርስ ድርግም አለ። መሪውን ሲመልሱት ተመልሶ በራ። ኦፕሬተሩ በመስኮቱ ብቅ ብለው አምፖሉን አዩት፤ ከዚያም እኔን አዩኝ፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ሞተሩን አጥፍተን፣ ማሽኑን ቆልፈን ስንፈልገው፣ ከጋቢናው ወለል ወደ ካምቢዮው የሚወርደው የሽቦ ጥቅል ከመሪው የዘይት ቱቦ ጋር አብሮ ታስሮ አገኘነው። ቱቦው አንድ ጊዜ ተቀይሮ ነበር፤ የቀየረው ሰው መያዣውን ብሎን ስላላገኘ ከሽቦው ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮት ሄዷል። ማሽኑ ወደ ግራ ሲታጠፍ ቱቦው ሽቦውን ይስበዋል። የሽቦው ልባስ ምንም አልሆነም፤ አልተላጠም፣ አልጠቆረም። በጣቴ ሳጥፈው ግን አንድ ቦታ ላይ እንደ ባዶ ገለባ ልስልስ አለ፤ ልባሱን ስሰነጥቀው ከመዳብ ክሮቹ ያልተበጠሱት ሁለት ነበሩ። ኮምፒውተር በቀየርሁ ጊዜ ሁለት ቀን የሠራውም ሶኬቶቹን ስነቅልና ስሰካ ሽቦውን ትንሽ ወደ ላይ ስላላላሁት ነው።

ከምሳ በኋላ የሚብሰው ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ደግሞ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ በወረቀት ሳሰላው ነው። መዳብ ሲሞቅ ሬዚስታንሱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። ለምሳሌ በ20 ዲግሪ 24 ኦም የሆነ ቦቢና ካምቢዮው ሞቆ 100 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከ31 ኦም በላይ ይሆናል። በ24 ቮልት ሲሰላ ጠዋት 1 አምፔር ያገኝ የነበረው ሶሌኖይድ ከሰዓት 0.76 አምፔር ገደማ ብቻ ያገኛል። ማሽኑ ይህ ቅናሽ ታስቦበት የተሠራ ስለሆነ በራሱ ችግር አያመጣም፤ በላዩ ላይ የታመመ ሽቦ ወይም የዛገ ሶኬት ጥቂት ኦም ሲጨምርበት ግን ቫልቩን የመያዝ አቅሙ ያልቃል። ጠዋት ሲፈተን ጤነኛ፣ ከሰዓት ሲሠራ በሽተኛ የሚሆን ማሽን እንዲህ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የክረምት ጠዋቷ ብርድ ነው፤ እኛ ደግሞ ማሽን ለማየት የምንሄደው አብዛኛውን ጊዜ በጠዋት ነው።

ክረምት ራሱን የቻለ ባላጋራ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ማሽኑ ሲጨቀይ ይውልና ማታ በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይታጠባል፤ ዝናቡ ማለፍ ያልቻለውን የሶኬት ጎማ የእጥበቱ ውኃ ሰብሮ ያልፈዋል። ውኃው ውስጥ ገብቶ አይወጣም፤ ቀስ እያለ መዳቡን አረንጓዴ ያደርገዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን የእኛው ጥፋት ነው፤ ቮልቴጅ ለመለካት ብለን የሽቦውን ልባስ በመርፌ እንወጋና ሳንደፍነው እንሄዳለን። በዚያች ቀዳዳ የገባ እርጥበት ከወራት በኋላ ለሌላ መካኒክ እንጀራ ይሆናል። እኔም ስንቱን ወግቻለሁ። አሁን ከሶኬቱ ኋላ በሽቦው ጎን አስገብቼ እለካለሁ፤ ግድ ሆኖ ከወጋሁም ደፍኜ ናስትሮ እጠቀልልበታለሁ።

የባትሪና የኔጋቲቭ ነገር አሰልቺ ስለሆነ ሁሉም ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከኮዱ በፊት እለካዋለሁ። ሁለቱ ባትሪዎች አርፈው ከ25 ቮልት በላይ፣ ዲናሞው እየሠራ ደግሞ 28 ቮልት አካባቢ ካላሳዩኝ ቀሪው ልኬት ሁሉ አሸዋ ላይ የቆመ ነው። የኔጋቲቭ ገመዱንም በኦም አልለካውም፤ ሥራ ላይ እያለ ከካምቢዮው አካል እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ያለውን ቮልቴጅ አያለሁ፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ብሎኑን ፈትቼ፣ ቀለሙንና ዝገቱን ፍቄ መልሼ አጠብቀዋለሁ። ከፍጥነት ሴንሰር ጋር በተያያዘ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ መግነጢስ ያለው ሴንሰር ጫፉ ላይ የብረት ደቃቅ ሰብስቦ ሲገኝ መጥረጉ ኮዱን ያጠፋዋል፤ ደቃቁ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ መሣሪያውን የሚሰበስብ ሰው ግን ብዙም ሳይቆይ ለካምቢዮ ማውረጃ ይጠራል።

ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው በሚነጋገሩባቸው አዳዲስ ማሽኖች ላይ ሌላ ዓይነት ግርግር አለ። የሞተሩ፣ የካምቢዮውና የዳሽቦርዱ ኮምፒውተሮች መልእክት የሚለዋወጡት ተጠማዝዘው በሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች ሲሆን፣ በመስመሩ ሁለት ጫፎች እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ይገኛሉ። ባትሪው ተቆርጦ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሲለካ 60 ኦም መገኘት አለበት። 120 ከተገኘ ከጫፎቹ አንዱ ተለይቷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። አንድ ግሬደር ከአሥር በላይ ኮድ በአንድ ጊዜ አውጥቶ ጋራዡን በሙሉ ሲያስጨንቅ፣ ይህች አንዲት ልኬት 120 አሳይታ በሩብ ሰዓት ውስጥ ውኃ የጠጣ ሶኬት ላይ አድርሳናለች።

ለሎደሩ ባለቤት እውነቱን የነገርሁት ሽቦው በተጠገነ ዕለት ማታ ነው። ኮምፒውተሩ ጤነኛ እንደነበረ፣ የተበጠሰው ሽቦ መሆኑን፣ የእጅ ዋጋዬንም እንደማልቀበል ነገርሁት። ዕቃውን የሸጠው ሱቅ የተሸጠ የኤሌክትሪክ ዕቃ አልመልስም አለ። ባለቤቱ ብዙ አልተቆጣም፤ ከቁጣው ይልቅ የከበደኝ ዝምታው ነበር። «ቢያንስ አሮጌውን አስቀምጥልኝ» አለኝ። እኔም ሞተ ብዬ ያወጣሁትን ኮምፒውተር በላስቲክ ጠቅልዬ ጋራዡ መደርደሪያ ላይ አኖርሁት። ከዚያ በኋላ የማላውቀውን ነገር ገና አላወቅሁትም ማለትን ለመድሁ። ቀላል አይደለም፤ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የሰዓት ኪራዩ የሚቀርበት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ታዲያ ምኑን ባለሙያ ሆንህ?» ሲል፣ አንድ ዕቃ ስም ጠርቶ መገላገል በጣም ያጓጓል።

ከሁለት ዓመት በኋላ የዚያው ሰው ሁለተኛ ሎደር፣ ዓይነቱም ሥሪቱም ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሆነ፣ ድንገት በሁለቱም አቅጣጫ አልሄድ አለ። ከመነሣቴ በፊት በስልክ የጠየቅሁት፣ ከመቆሙ በፊት ማሽኑ ላይ ምን እንደተሠራ ነበር። የባኬቱ ጥርስ ተበየደ አሉኝ። በያጁ ባትሪውን አልቆረጠም፤ ኔጋቲቩንም ያሰረው ከሚበይደው ጥርስ አጠገብ ሳይሆን በእጁ የቀረበው የኋላው ሻሲ ላይ ነው፤ የብየዳው ከረንትም ባገኘው መንገድ ሁሉ ወደዚያ ሲመለስ ውሏል። ስደርስ መጀመሪያ ለኮምፒውተሩ የሚገባውን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በአምፖል ፈተንሁ፤ ሁለቱም ቦግ አድርገው አበሩት። የመልእክቱ መስመር 60 ኦም ነው። የሶሌኖይድ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በአምፖል አየሁ፤ ጤነኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ ግን ለላፕቶፑ አይመልስም፤ ሲከፈትም የተቃጠለ ሽታ ነበረው። ያኔ ብቻ ወደ ጋራዥ ተመልሼ፣ ላስቲኩን ፈትቼ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ከተቃጠለው ጋር አስተያይቼ ያን አሮጌ ኮምፒውተር ይዤ መጣሁና ገጠምሁት።

ያንን ማሽን የሚያሠሩት እኒያው ኦፕሬተር ነበሩ። ሞተሩን አስነሥተው ወደፊትም ወደ ኋላም ሞከሩት፤ ከዚያ ወደ ድንጋይ ክምሩ ሄደው ባኬቱን እስከ አፉ ሞሉ፤ ገልባጩ የቆመው በስተቀኛቸው ሆኖ ሳለ በመስኮቱ አሻግረው አዩኝና መሪውን እስከ ጫፍ ወደ ግራ አጠፉት።